የማሽን ቡና በሐዘን ቤት

እሑድ፣ ጥቅምት 11

እጄን አቃጠልኩ። የግራ አውራ ጣቴና መዳፌ ቀልቷል። ባለቤቴ ጫልቱ ቅባት ቀብታ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላልኛለች። እየጠቀለለች ትስቅ ነበር፣ ከዚያ በሐዘን ቤት መሳቋ አሳፈራት መሰለኝ አቆመች።

የሆነው እንዲህ ነው። የድልህ ቆርቆሮ አነሳሁ። ቂጡን በምስማር ወጋጋሁት፤ ውስጡ ስስ ጨርቅ አነጠፍኩ፤ የተወቀጠ ቡና ጠቀጠቅኩበት። የፈላ ውሃ ጨመርኩና በጠርሙስ ቂጥ ወደ ታች ተጫንኩ። የካፌ ማሽን ሌላ ምን ይሠራል? ውሃን በጉልበት ቡና ውስጥ ማሳለፍ ነው። የእኔ ውሃ ግን ወደ ታች መሄዱን ትቶ በጎን በኩል ወደ እኔ መጣ። ግድግዳው ላይ ሳይቀር ቡና አለ።

ከዚህ በፊት የሞከርኩት፦

ጀበና ላይ እጥፍ ቡና ጨምሮ ማንተክተክ። ጭቃ ሆነ።

የቆርቆሮ ዱቄት ቡና ከስኳር ጋር በማንኪያ መምታት። አረፋው ያምራል፣ ጣዕሙ የልጆች ነው። ጫልቱ ወደደችው።

ጋዝ ባለው ውሃ ማፍላት፣ አረፋ ይሰጠኛል ብዬ። ከአምቦ ልጅ በቀር ይህን የሚያስብ የለም። ጨው ጨው አለኝ።

እማዬ ከሞተች ዛሬ ሠላሳ አራተኛ ቀኗ ነው። አምቦ ትንሽ ከተማ ናት። የእናቱ አርባ ሳይወጣ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ማኪያቶ ሲጠጣ የታየ ሰው፣ እሱ ቤቱ ሳይደርስ ወሬው ይደርሳል። ጢሜን አልተላጨሁም፣ ጥቁር ለብሻለሁ፣ ቢሮ ግን እገባለሁ። ቢሮ ይፈቀዳል፤ ካፌ አይፈቀድም። ማን እንደከለከለው አላውቅም፣ የማያውቀው ሰው ግን የለም።

ሃያ ዓመት ሙሉ በቀን ሁለት ጥቁር ማኪያቶ የለመደ ጭንቅላት ይህ አይገባውም። ከሰዓት በኋላ ግንባሬን በመሐረብ አስራለሁ። ለቅሶ ቤት ቡና መቼ ጠፍቶ! ጎረቤቱ ሁሉ ጀበናውን አንጠልጥሎ ይመጣል። ግን ያ ሌላ ነው። እኔ የምፈልገው ከሲኒው ታች ሁለት ጣት የሚሆን፣ ላዩ ቡናማ አረፋ የያዘ፣ ምላስ ላይ የሚከብድ መራራ ነገር ነው።

"ማል ታቴ? ምን ሆነሃል? ስድስት ቀን መታገሥ አቃተህ?" ትላለች ጫልቱ።

ስድስቱን ቀን እታገሥ ነበር። ችግሩ ሰባተኛው ነው። አርባው ቢወጣም እዚያ ካፌ የምገባበት ፊት የለኝም። ለምን እንደሆነ ለጫልቱ አልነገርኳትም። እዚህ ደብተር ላይ መጻፉም ከብዶኛል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 12

እትዬ ዘነቡ ከጊንጪ መጣች። የቅዳሜውን የአርባ ተዝካር ራሷ ካልደገሰችው እንቅልፍ አይወስዳትም። ብቅል፣ ጌሾ፣ ሁለት ጆንያ ጤፍ፣ አንድ ግዙፍ ብረት ድስት ይዛ ከሚኒባስ ወረደች። ረዳቱን "ቀስ! እንደ እንቁላል ያዘው!" ስትለው ሰማሁ። ድስቱን ማለቷ ነበር።

እህቴ ናት፣ ግን በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። እማዬ ገበያ ስትውል አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አሁንም ፊቴን ስታይ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ በልቼ እንደሆነ ነው።

የእማዬ ስልክ እሷ ዘንድ ነው። በየቀኑ ባትሪውን ትሞላዋለች። ዛሬም ገና ሳታርፍ ከጉያዋ አውጥታ አሳየችኝ፤ መቶ ጊዜ አሳይታኛለች። መስከረም 8፣ አራት ሰዓት ከአምስት፣ ለእኔ የተደወለ። አራት ሰዓት ከስምንት። አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት። ሦስት ጊዜ።

"ያ አለቃህ ቅዳሜ ይመጣል አይደል?" አለችኝ።

"ኦቦ ድንቁ? ይመጣሉ።"

"ሰው ፊት ነው የምጠይቀው። እናት በር ላይ ወድቃ ልጇን ስትጠራ ስልካችሁን ድምፅ አጥፉ የሚባልበት ስብሰባ የምን ስብሰባ ነው? እለዋለሁ። ሰው ሁሉ ይስማልኝ። አንጀቴ ካልራሰ አልሄድም።"

እትዬ ዘነቡ አደርገዋለሁ ያለችውን ታደርጋለች።

እውነቱን እንግዲህ እጽፈዋለሁ። ስብሰባ አልነበረም። ኦቦ ድንቁም ስልክ አጥፉ አላሉም። ያን ማክሰኞ ከቢሮው ፊት ለፊት ያለው ካፌ ነበርኩ። ሁለተኛው ማኪያቶዬ ገና መምጣቱ ነበር። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ፤ "እማዬ" ይላል። ጠዋት ስወጣ ለሬዲዮዋ ባትሪ ድንጋይ ግዛልኝ ብላኝ ነበርና እሱን ልታስታውሰኝ ነው አልኩ። ይሄን ልጨርስና እደውልላታለሁ አልኩ። ሁለተኛ ስትደውል አይቼ ስልኩን በፊቱ ደፋሁት። ሦስተኛው ሲንቀጠቀጥ ሰማሁ። አራተኛ ጊዜ ሲሆን ተናድጄ አነሳሁት፤ በራሳቸው ስልክ የደወሉት ጎረቤታችን ወይዘሮ ብርቄ ነበሩ። እማዬን በር ላይ ወድቃ ነው ያገኟት። እኔ ስደርስ አልቆ ነበር።

ሰው የት ነበርክ ሲለኝ "ስብሰባ ላይ፣ ስልክ ድምፅ አጥፉ ተብለን" አልኩ። ሳላስበው አፌ ላይ መጣ። ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው እንደነገርኩት አላውቅም። አሁን የስብሰባውን አጀንዳ መዘርዘር ብቻ ነው የቀረኝ።

ወራዳ ነኝ። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 13

ጫልቱ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ ነገር በጨርቅ ጠቅልላ አመጣች። የኬሚስትሪ መምህሩ አውሷት ነው። ትንሽ የአሉሚንየም ማንቆርቆሪያ፣ መሃሉ ላይ የሚፈታ። ከታች ውሃ ይገባል፣ ከመሃል በወንፊቱ ላይ ቡና፤ እሳት ሲያገኘው ውሃው ታፍኖ በቡናው ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል። ሞካ ይሉታል። እኔ በጠርሙስ ስታገል የከረምኩትን ይሄ በእንፋሎት ይሠራዋል ማለት ነው። መምህሩ አምስት ዓመት አልተጠቀመበትም አሉ።

ለምን እንዳልተጠቀመበት ወዲያው ገባኝ። ሁለቱን አካል የሚያገናኘው የላስቲክ ቀለበት ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እንፋሎቱ ሁሉ በወገቡ ወጥቶ እሳቱን አጠፋው።

መናኸሪያው አጠገብ ካለው ጎማ ጠጋኝ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቁራጭ ለመንኩ። ለምን እንደሆነ ስነግረው "ጋሼ፣ ይሄ ቡና ነው ወይስ መኪና?" አለኝ። በምላጭ ቆርጬ ቀለበት አወጣሁ፣ ልክክ አለ። ሰባት ደቂቃ ጠበቅኩ። ወጣ! ጥቁር፣ ወፍራም፣ በራሱ ኃይል ወደ ላይ።

ቀመስኩት። ጎማ ነው።

እትዬ ዘነቡ ጌሾዋን እየወቀጠች ከጓዳ ታየኝ ነበር። "እማዬ ይሄን ብታይ" አለች። ከዚያ መውቀጧን ቀጠለች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 14

ላስቲኩን በሎሚ ሦስት ጊዜ ቀቀልኩት። ሽታው ለቀቀ ለማለት ይቻላል። ጾም ስለሆነ እስከ ስድስት ሰዓት አልቀመስኩም። ስቀምሰው የጎማው ነገር ቀርቷል፤ ቡናው ራሱ ግን አይሆንም። አቆላሉ የቤት ነው፣ ገና ቡኒ ሲል ይወርዳል። የሙቀጫ ውቅጥ ደግሞ ግማሹ ዱቄት ግማሹ ክክ ነው። ውሃው በክኩ መሃል ሮጦ ያመልጣል።

"ከካፌው የተፈጨውን ነበር መግዛት" አልኩ ለጫልቱ። ምነው ባላልኩ።

ጫልቱ የከሰዓት ክፍል ነበራት። "እኔ እገዛልሃለሁ" አለች እትዬ ዘነቡ፤ "በርበሬ ላስፈጭ መውጣቴ አይቀር። ራስህን አስረህ ስትቀመጥ ማየት ሰለቸኝ። የቱ ካፌ ነው?"

ሌላ ካፌ ልላት እችል ነበር። ጫልቱ ግን ቀድማ ነገረቻት። "ቢሮው ፊት ለፊት ያለው ነው፣ እትዬ። ሌንሳ የምትባል አስተናጋጅ አለች፣ ለጌታሁን ነው በይዋት፣ ታውቀዋለች።"

ታውቀኛለች። ያን ቀን ሲኒዬን ጥዬ ስሮጥ ከኋላዬ "ጋሼ፣ ምን ሆኑ?" ብላ የጮኸችው እሷ ናት።

አንድ ሰዓት ተኩል ቆየች። ቢሮ መመለስ ነበረብኝ፣ አልተመለስኩም። ሕፃን ልጅ ያጠፋ ዕለት እንደሚያደርገው በሩን እያየሁ ተቀመጥኩ።

ስትመጣ በርበሬውን ጓዳ አስገባች። ግማሽ ኪሎ ቡና በወረቀት ከረጢት ጠረጴዛው ላይ አኖረች። "አስተናጋጇ እግዜር ያጥናችሁ ብላለች" አለች። እጇን ታጥባ ጤፉን መንፋት ጀመረች።

ከሰኞ ጀምሮ ኦቦ ድንቁን ሳትረግም የዋለችበት ቀን የለም። ዛሬ ማታ እራት ላይ ስማቸውን አላነሳችም። በልተሃል ወይ ብላም አልጠየቀችኝም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 15

ተሳካ። መጻፍ ያሳፍራል ግን ተሳካ።

እንዳልረሳው፦ ውሃው አስቀድሞ የሞቀ ይሁን፣ አለበለዚያ ቡናው ሳይወጣ ያርራል። ቡናው ወንፊቱን ይሙላ፣ አይጠቅጠቅ። እሳቱ ትንሽ። መንተክተክ ሲጀምር ወዲያው ይውረድ፤ ካለፈ የተቃጠለ አመድ ነው። ዋናው ግን ይሄ ነው፦ መጀመሪያ የወጡትን ጥቂት ጠብታዎች ከስኳር ጋር በማንኪያ እስኪነጣ መምታት፣ ከዚያ የቀረውን ላዩ ላይ ማፍሰስ። አረፋው ራሱ ተነሥቶ ላዩን ሸፈነው። ቡናማ፣ ወፍራም። ጫልቱን ጠርቼ አሳየኋት። አንድ ማንኪያ ወተት ጨመርኩበት።

ያው ነው። ያው ራሱ። ዓይኔን ብጨፍን በረንዳው ላይ ነኝ።

ዓይኔን ግን አልጨፈንኩም። በረንዳው ላይ ከሆንኩ ስልኩም ጠረጴዛው ላይ ነው። ከሁለተኛው ጉንጭ በኋላ የቀረውን ደፋሁት። ሰላሳ ምናምን ቀን ስመኘው ከርሜ!

ደግሜ አፈላሁና ለእትዬ ዘነቡ ወሰድኩላት። ጠላዋን እያጠነፈፈች ነበር። ሲኒውን አየች፣ እኔን አየች።

"አልጠጣም" አለች።

ከሌንሳ ምንም አልሰማች ይሆናል። ደክሟት ብቻ ነው። ሦስት ሌሊት ሙሉ አልተኛችም። ወይም ሰምታለች።

አርብ፣ ጥቅምት 16

ለሁለት ሰው መናገር ነበረብኝ፣ ለአንዱም አልተናገርኩም።

ጠዋት ኦቦ ድንቁ ቢሮ ገባሁ። ነገ እህቴ እንዲህ ብላ ልትጠይቅዎ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልል ነበር። ገና ስገባ ከወንበራቸው ተነሡ። "ዋቀዮ ኢሲን ሃ ጀጀቤሱ፤ እግዚአብሔር ያበርታህ። ነገ ከነባለቤቴ እመጣለሁ። ዛሬ ምን ትሠራለህ እዚህ? ሂድ፣ ቤትህን አግዝ" አሉኝ። ትከሻዬን ያዙኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ ይህ ነው የባሰው። ክፉ ቢሆኑ ሲሰደቡ ዝም ማለት ይቀለኝ ነበር። አመስግኜ ወጣሁ።

ከሰዓት ድንኳን ስንተክል ከእትዬ ዘነቡ ጋር አንድ ገመድ ስበን አሰርን። ሌላ ሰው አጠገባችን አልነበረም። "እትዬ" አልኩ።

"አቤት?"

"ገመዱ ላልቷል?"

"አልላላም" አለች።

አርባ ስድስት ዓመቴ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 17

አርባዋ ወጣ። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ተመለስን፣ ካህናቱ ጸለዩ፣ ሰው በላ፣ ጠጣ። የእትዬ ጠላ ተመሰገነ። እጃጂ ድረስ ያሉ ዘመዶች መጥተዋል።

ኦቦ ድንቁ ከባለቤታቸው ጋር መጥተው መሃል ላይ ተቀመጡ። እትዬ ዘነቡ ከጓዳ ስትወጣ አየኋት። ማንቆርቆሪያ ጠላ በእጇ ይዛለች። ቀጥታ ወደ እሳቸው ሄደች። እኔ ወጥ የያዘ ሳህን ይዤ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆሜአለሁ። ልሂድና ልከልክላት አልኩ፣ አልሄድኩም።

"ኦቦ ድንቁ" አለች ጮክ ብላ። ዙሪያው ያለው ሰው ወደ እሷ ዞረ። ሰኞ ዕለት ለሁሉም ነግራለችና ሁሉም ይጠብቃት ነበር።

"አቤት፣ እትዬ።"

"ያን ቀን ወንድሜን ከስብሰባው መሃል አስነሥተው ስላሰናበቱልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ምን ቢቸኩል አልደረሰላትም እንጂ እርስዎስ የሚገባዎትን አድርገዋል።"

ኦቦ ድንቁ አፋቸውን ከፈቱ። "ስብሰ..." ብለው አቆሙ። ቀና ብለው በሰው መሃል እኔን ፈለጉ። አገኙኝ። ለምን ያህል ጊዜ እንዳዩኝ አላውቅም፤ ሳህኑ እጄ ላይ ከበደኝ።

"ኧረ ምንም አይደል" አሉ። "ምንም አይደል፣ እትዬ። እናት ናት።"

እትዬ ዘነቡ ጠላውን ቀዳችላቸው። ሰዎቹ ስድብ ሲጠብቁ ምስጋና ስለሰሙ "ዘነቡ ልቧ ራራ" እያሉ ተንሾካሾኩ።

ይኸው ውሸቴን ሁለት ደህና ሰዎች ሰው ፊት ቆመው አተሙልኝ። ነጻ ወጣሁ ማለት ነው። ብሰደብ በወደድኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 18

ድንኳኑን አፈረስን። የዕድሩ ሰዎች ወንበራቸውን ወሰዱ። እትዬ ዘነቡ ድስቷን አጥባ፣ ዕቃዋን አስራ፣ ጥቁር ነጠላዋን ለብሳ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

"ያን ቡናህን አፍላልኝ" አለች።

አፈላሁ። ጥሩ ወጣ። አረፋውን ልመታ ስኳር ሳነሳ "ስኳሩን ተወው" አለች። እንዲሁ ጥቁሩን ሰጠኋት። ጫልቱ ዕቃ እያጠበች እዚያው ነበረች።

አንድ ጉንጭ ጠጣችና ፊቷ ተኮማተረ። ሲኒውን ግን አላስቀመጠችም።

"ካፌ መሆንህን ረቡዕ ሰማሁ" አለች። "ልጅቷን እንዳትቀየማት። ክፉ አስባ አይደለም፤ ስታዝንልህ ነው የነገረችኝ፣ ሲኒውን ጥሎ ነው የሮጠው ብላ። በሱ አልፈርድብህም። ሰው ቡና ይጠጣል። መዋሸትህም ይሁን፣ ደንግጠህ ነው። አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅህ። ስትደውል ስሟን አይተኸዋል?"

ጫልቱ ውሃውን ዘጋች።

አላየሁም ማለት እችል ነበር። ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ድምፁ ጠፍቶ ነበር ማለት ይበቃኝ ነበር። እትዬም ልትሰማ የፈለገችው ይህንኑ ነው፤ ፊቷ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አራት ቀን ሙሉ ይህን እምነት ይዛ ነው ጤፍ የነፋችው፣ ጠላ ያጠነፈፈችው፣ ሰው ፊት የቆመችልኝ። እንደገና ልዋሽላት አፌን ከፈትኩ።

"አይቼዋለሁ" አልኩ።

"ሦስቱንም?"

"ሁለቱን አየሁ። ሦስተኛው ሲመጣ ስልኩን ደፍቼው ነበር። እሷ መሆኗን ግን አውቄአለሁ።"

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ትመታኛለች ብዬም ነበር፣ ድሮ ትመታኝ ነበር። ሲኒው ውስጥ የቀረውን ትክ ብላ አየች። ከዚያ አንስታ እስከ አተላው ጠጣችው።

"ይሄ ነው እንግዲህ" አለች።

ሲኒውን ራሷ አጥባ መደርደሪያው ላይ ደፋችው።

መናኸሪያ ድረስ ድስቱን ተሸከምኩላት፣ አልከለከለችኝም። የጊንጪው ሚኒባስ ቶሎ ሞላ። ሁልጊዜ መኪናው ሲነሣ በመስኮት አንገቷን አውጥታ ብርድ እንዳይመታህ፣ ምሳህን ብላ እያለች ትጮህብኛለች። ዛሬ ፊቷን ወደ ሹፌሩ አድርጋ ተቀመጠች።

ጫልቱ ማንቆርቆሪያውን በመጣበት ጨርቅ ጠቅልላ ነገ ለመምህሩ ልትመልሰው በር አጠገብ አስቀምጣዋለች።

እትዬ ለእማዬ ሰማንያ እመጣለሁ አላለችም። አልመጣምም አላለችም። ሰማንያው ኅዳር 27 ይውላል፤ ቆጥሬዋለሁ።